ከተዋዋ ጨረቃ እስከ ሰማይ ቅየሳ

ከጎንደር ተነሥቶ በመተማና በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚያደርሰው መንገድ በታሪክ መጻሕፍት ዘንድ የሚታወቀው በንግዱና በጦርነቱ ነው። ብዙ ሲራራ ነጋዴ ተመላልሶበታል፤ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁት በዚሁ መንገድ ላይ መተማ ነው፤ ስደተኛውም በየዘመኑ፣ አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ አልፎበታል። ይሁን እንጂ መንገዱ በሥነ ፈለክ ታሪክም ውስጥ ስፍራ ያለው መሆኑ በትምህርት ቤቶቻችን እምብዛም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው። ይኸውም ሰው ሰማይን እንዴት መዝግቦ እዚህ እንደ ደረሰ፣ የዚህም ታሪክ ሁለት ምዕራፎች እንዴት ምሥራቅ ሱዳንንና የኑብያን በረሃ እንደ ነኩ ነው።

የብሩስ መሣሪያና የተዋዋ ጨረቃ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በምጽዋ በኩል ገብቶ ጎንደር የደረሰው በየካቲት 1770 እ.ኤ.አ. (1762 ዓ.ም.) ነበር። ዘመኑ ራስ ሚካኤል ስሑል የገነኑበትና ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ በዙፋን ላይ የነበሩበት ነው። የብሩስ ዋና ዓላማ የዓባይን ምንጭ ማየት ሲሆን፣ ይህንንም በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ላይ ፈጽሟል። እኛን ግን በዚህ ጽሑፍ የሚያሳስበን ጓዙ ነው። ይህ ሰው ቴሌስኮፖች፣ ሰዓትና ከነሐስ የተሠራ ትልቅ ኳድራንት አሸክሞ ነበር የሚጓዘው። ኳድራንት ማለት የክብ ሩብ የሆነ፣ ጠርዙ በዲግሪ የተከፋፈለ የማዕዘን መለኪያ ነው። በእርሱ አማካይነት ፀሐይ በቀትር፣ ወይም አንድ የታወቀ ኮከብ በሌሊት፣ ከአድማስ በምን ያህል ከፍታ እንዳለ ይለካል። ከዚህም የቦታው ኬክሮስ ይገኛል። ኬንትሮስን ለማግኘት ደግሞ የጁፒተር ጨረቃዎች በፕላኔቷ ጥላ ውስጥ የሚገቡበትን ሰዓት መዝግቦ በአውሮፓ ከተሰላው ሰዓት ጋር ማነጻጸር ያስፈልግ ነበር። የሁለቱ ሰዓቶች ልዩነት የርቀት ልዩነት ነውና።

ብሩስ በታኅሣሥ 1771 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ለቆ በጠረፉ ቆላ በኩል ወደ ስናር ሲያቀና፣ በመጋቢት 1772 እ.ኤ.አ. (1764 ዓ.ም.) ዛሬ ገዳሪፍ አጠገብ ከምትገኘው ተዋዋ ደረሰ። የተዋዋው ሼህ ወርቅ እየጠየቀ መንገዱን ዘጋበት፤ ሕይወቱም ለአደጋ ተጋለጠ። ብሩስ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1772 እ.ኤ.አ.፣ ዓርብ ዕለት፣ በሰማይ ላይ ምልክት እንደሚታይ አስቀድሞ ተናገረ። በተባለውም ቀን ጨረቃ ጨለመች። የሼሁ ቤተ ሰብ ደነገጠ፤ እንግዳውም ብዙ ሳይቆይ ተለቀቀ።

ምልክት የተባለው ነገር የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል በቀጥታ ስትቆም ጥላዋ በጨረቃ ላይ ያርፋል። ይህም የሚሆነው ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ብቻ ነው። የፀሐይና የጨረቃ እንቅስቃሴ በሥርዓት የሚሄድ በመሆኑ ግርዶሽ ከዓመታት በፊት ሊሰላ ይችላል። ተመሳሳይ ግርዶሾች በ18 ዓመት ከ11 ቀን ገደማ እየተመላለሱ እንደሚመጡም የባቢሎን ሰዎች ከብዙ ዘመን በፊት ደርሰውበት ነበር። ብሩስ ነቢይ አልነበረም፤ ሌሎች ያሰሉትን ሰንጠረዥ የሚያነብ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳንፈጽም እንጠንቀቅ። ታሪኩን «የሠለጠነ ነጭ ያልሠለጠነ ጥቁርን አስደነገጠ» ብለን ብናስተምር ሐቁን እናዛባለን። ሼሁ በሚናገረው በዐረብኛ ቋንቋ አል ሱፊ በ964 እ.ኤ.አ. የከዋክብትን መጽሐፍ ጽፎ፣ ዛሬ አንድሮሜዳ የምንለውን ጋላክሲ «ትንሽ ደመና» ብሎ መዝግቦታል። በጎንደር ሊቃውንት ዘንድም፣ በ13ኛው ምዕት ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተጽፎ ወደ ግዕዝ የተመለሰው አቡሻክር የዘመን አቆጣጠርና የሰማይ አካላት ስሌት ይዞ ይገኝ ነበር። ብሩስ ራሱ ከኢትዮጵያ ይዞ ከተመለሰው ብራና መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። ይህ መጽሐፍ በሙሉ ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ብቻ ነው። በውስጡም ስለ ፀሐይ ደጆችና ስለ ጨረቃ አወጣጥ የሚናገር ሰፊ ክፍል አለ። እንግዲህ ዕውቀቱ በአካባቢው አልጠፋም ነበር። የጎደለው ከሊቃውንት ደጃፍ ወጥቶ ሕዝቡ ዘንድ መድረሱ ነበር።

የቆየ መጽሐፍ ማክበርና የተጻፈውን በመለኪያ መፈተንም የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም። ሄኖክ ሌሊትና ቀኑን በ18 ክፍል ከፍሎ፣ ቀን እጅግ በሚረዝምበት ጊዜ 12ቱ ክፍል ለቀን፣ 6ቱ ለሌሊት ይሆናል ይላል። ይኸውም ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ነው ማለት ነው። በገዳሪፍ ግን ረጅሙ ቀን ሰዓት ይዘን ብንቆጥረው 13 ሰዓት ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ነው፤ ሌሊቱም ከ11 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ተማሪው ይህንን ራሱ ቆጥሮ ሲደርስበት፣ መጽሐፉን ሳይንቅ የመለካትን ጥቅም ይረዳል።

በሰማይ ላይ ስም መጥራት

የከዋክብት ምዝገባ ምን እንደሚጠቅም ለማስረዳት ከመምህር ሥራ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። መምህር ጠዋት ስም የሚጠራው ለምንድን ነው? መዝገቡን የያዘ ሰው ብቻ የቀረውን ከመጣው፣ አዲሱን ከነባሩ ሊለይ ስለሚችል ነው። መዝገብ የሌለው፣ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ ቢቀመጥ እንኳ አያውቅም። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በሰማይ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ በ2ኛው ምዕት ዓመት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ከዋክብትን ከነስፍራቸው መዘገበ። ኡሉግ ቤግ በሳማርካንድ በ1437 እ.ኤ.አ. ምዝገባውን በአዲስ ልኬት አደሰው። በኅዳር 1572 እ.ኤ.አ. ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ ካሲዮፒያ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያልነበረ ኮከብ ሲያይ አዲስ መሆኑን ወዲያው ያወቀው የነባሮቹን ዝርዝር በቃሉ ስለሚያውቅ ነበር። ያ ኮከብ ዛሬ ሱፐርኖቫ የምንለው፣ ማለትም የሚፈነዳ ኮከብ ነበር። ሰማይ አይለወጥም የሚለው የአርስጣጣሊስ ትምህርትም በዚሁ ተናጋ።

ፎቶግራፍ ከመጣ በኋላ ሥራው ሰፋ። በአሜሪካ በሃርቫርድ የጥናት ማዕከል አኒ ጃምፕ ካነን ከ1918 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. በወጣው መዝገብ ውስጥ 225,300 ከዋክብትን በብርሃናቸው ዓይነት ለየች። ሂፓርኮስ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት ከ1989 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የ118,218 ከዋክብትን ስፍራ በጥንቃቄ ለካች። እርሷን የተካችው ጋያ በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ተልካ በ2025 ሥራዋን እስክትጨርስ ወደ 1.8 ቢሊዮን የሚጠጉ የብርሃን ምንጮችን መዝግባለች። ይህም ቢሆን እኛ ካለንበት ጋላክሲ ከዋክብት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ነው።

የዛሬው የሰማይ ቅየሳ ዘዴ በመሠረቱ ቀላል ነው። አንዱን የሰማይ ክፍል ደጋግሞ ፎቶግራፍ ማንሣትና ፎቶግራፎቹን ማስተያየት ነው። በስፍራው የቆየው ኮከብ ነው፤ ስፍራውን የለወጠው ወደ እኛ የቀረበ አለት ወይም ፕላኔት ሊሆን ይችላል፤ በሩቅ ጋላክሲ ውስጥ ድንገት በርቶ በሳምንታት የሚደበዝዘው ሱፐርኖቫ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ሁለት የጥናት ቡድኖች የሩቅ ሱፐርኖቫዎችን ብርሃን መዝነው የዩኒቨርስ መስፋት እየፈጠነ መሆኑን አገኙ። ለዚህም በ2011 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷል። በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ምስሎቹን ያሳየው በቺሊ የሚገኘው የሩቢን ማዕከል ደግሞ 8.4 ሜትር ስፋት ባለው መስተዋት የደቡቡን ሰማይ ለአሥር ዓመት ደጋግሞ እንዲቀይስ የተሠራ ነው።

በኑብያ በረሃ የወደቀው አለት

የስም ጥሪው ጥቅም ለአካባቢያችን በግልጽ የታየው መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም. (ጥቅምት 6 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.) ነው። በአሜሪካ በአሪዞና ተራራ ላይ ሰማይ የሚቃኘው የካታሊና የሰማይ ቅየሳ ባልደረባ ሪቻርድ ኮዋልስኪ፣ ከመዝገቡ ውጭ የሆነች አንዲት የምትንቀሳቀስ ነጥብ አየ። ስፋቷ 4 ሜትር ያህል የሆነች አለት ነበረች። ሲሰላ ከ20 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በሰሜን ሱዳን ላይ እንደምትወድቅ ታወቀ። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ አለት ከመውደቁ በፊት በሰማይ ላይ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ወሬው ወዲያው ለሁሉም ስለተሰራጨ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ታዛቢዎች ቴሌስኮፖቻቸውን አዞሩባት። በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ በተባለው ሰዓትና በተባለው ቦታ፣ ከምድር 37 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ፈነዳች።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በኅዳር ወር የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓውያ ሻዳድ ከፒተር ጄኒስከንስ ጋር በመሆን፣ 45 የሚሆኑ ተማሪዎችንና ሠራተኞችን ይዞ ከዋዲ ሐልፋ ወደ አቡ ሐመድ በሚወስደው የባቡር ሐዲድ አካባቢ ወጣ። ተማሪዎቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው አሸዋውን በእግራቸው ፈተሹ፤ ጥቋቁር ስብርባሪዎችንም አገኙ። በተከታታዮቹ ፍለጋዎች ጭምር የተለቀሙት ወደ 600 ደርሰው፣ ክብደታቸው ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ሆነ። ስማቸውም በባቡር ጣቢያው ስም «አልማሐታ ሲታ»፣ ማለት «ስድስተኛው ጣቢያ» ተባለ። በሰማይ ላይ ታይቶ፣ ከዚያም በእጅ የተያዘ የመጀመሪያው አለት ይኸው ነው። ብሩስ በ1772 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግመሎቹ አልቀውበት ኳድራንቱን ለጊዜው ጥሎ የሄደውም በዚሁ በኑብያ በረሃ ውስጥ ነበር።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በተዋዋ አንድ ሰው የሚያውቀውን ደብቆ ሌላውን አስፈራራበት፤ ሕይወቱን ለማዳን ነውና አንፈርድበትም። በስድስተኛው ጣቢያ ግን አንዱ ያየውን ለሁሉ ነገረ፤ ሁሉም ለካ፤ የአገሩም ተማሪዎች በእግራቸው ሄደው ፍሬውን ለቀሙ። ዕውቀት በጥቂቶች እጅ ሲቀር መሸበሪያ ይሆናል፤ ሲካፈል ግን ሥራ ይሆናል።

ከመምህሩ የሚጠበቀው

ይህንን ለክፍላችን እናምጣው። አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የጥናት ማዕከል ተቋቁሟል። በየወረዳው ግን ቴሌስኮፕ አይኖርም። ስለዚህ ባለን እንጀምር። መስከረም 13 ወይም መጋቢት 11 ገደማ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዱላ በተስተካከለ መሬት ላይ እንትከል። በቀትር ጥላው ከሁሉም ጊዜ ይበልጥ ሲያጥር እንለካው። በገዳሪፍ 25፣ በመተማ 23፣ በአዲስ አበባ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥላውን ለዱላው ርዝመት አካፍሎ ከታንጀንት ሰንጠረዥ ማዕዘኑን ያነበበ ተማሪ የቦታውን ኬክሮስ አገኘ ማለት ነው፤ ገዳሪፍ 14፣ መተማ 13፣ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነውና፣ ከልዩነቱ የቦታዎቹን የሰሜንና የደቡብ ርቀት ያሰላል። ብሩስ በብዙ ተሸካሚ ያንቀሳቀሰው መሣሪያ ያደርግ የነበረውን ሥራ በመጠኑ አንድ ዱላ ሠራው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (ነሐሴ 2 ቀን 2027 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በደቡብ ግብፅና በሱዳን ሰሜናዊ ምሥራቅ ጫፍ በኩል ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ያልፋል። በገዳሪፍና በጎንደር በኩል ፀሐይ በከፊል ትሸፈናለች። ክረምት በመሆኑ ደመና ሊጋርደን ይችላል። ቢሆንም ከወዲሁ ለተማሪዎቻችንና ለወላጆቻቸው ምክንያቱን እናስረዳ፤ ፀሐይን በባዶ ዓይን ማየት ዓይን የሚያጠፋ መሆኑንም እናስጠንቅቅ። በወረቀት ላይ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ በጥላው ውስጥ የፀሐይን ምስል ማየት ለሁሉም የሚቻል ነው።

ተዋዋ በዘመናችን የሚታወቀው ከጠረፉ ማዶ ለሸሹ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መስፈሪያ በመሆኑ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ኡም ራኩባና ቱናይድባህ ተሻገሩ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን በተነሣው ጦርነት የተነሣ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ። በሁለቱም ወገን ትምህርታቸው የተቋረጠ ልጆች አሉ። መጽሐፍና ቤተ ሙከራ ሊያጡ ይችላሉ፤ ዱላና ጥላ ግን አያጡም። እንዲህ ያለ ልጅ ያለበትን ስፍራ በራሱ እጅ ለክቶ ማወቅ ቢችል፣ ሰማዩን በፍርሃት ሳይሆን በመዝገብ እንዲያነበው አደረግነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ ከእኛ ከመምህራን ሌላ የሚሠራው የለም።