የዶቨሩ የፀሐይ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በዶቨር የተሠራው የፀሐይ ቤት በመክሸፉ ብቻ መታወሱ ፍርደ ገምድልነት ነው። ትውልደ ሃንጋሪዋ ሳይንቲስት ማሪያ ቴልከስ፣ አርክቴክቷ ኤሊኖር ሬይመንድና ወጪውን የሸፈኑት አሜሊያ ፒቦዲ የፈለጉት የቀኑን ፀሐይ ለሌሊቱ ማቆየት ነበር። ለዚህም ውሃ ያዘለውን የግላውበር ጨው በብረት መያዣ አሽገው ተጠቀሙ፤ ይህ ጨው 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ሲቀልጥ ብዙ ሙቀት ይይዛል፤ ሲረጋ ደግሞ የያዘውን መልሶ ይለቃል። ግድግዳ በማወፈር ይህን ያህል ሙቀት ለማከማቸት እጅግ ብዙ ድንጋይ ያስፈልጋል።

በሦስተኛው የብርድ ወቅት ጨዉ ከውሃው ተለይቶ ዘቀጠ፤ መያዣዎቹም ዝገው አፈሰሱ። ይህን ይዘው ሐሳቡን የሚያጣጥሉ አሉ። ነገር ግን ቤቱ ከዚያ በፊት ሁለት የብርድ ወቅቶችን በፀሐይ ሞቆ አልፏል። የተበላሸው ዕቃው እንጂ መርሁ አይደለም፤ በዚሁ መርህ የሚሠራ፣ በጥቃቅን እንክብሎች የታሸገ ፓራፊን ሰም ከጂፕሰም ጋር ተደባልቆ የግድግዳ ሰሌዳ ሆኖ ለገበያ ቀርቧል።