የ8,000 ዶላሯ ባዝራ

ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጎልደን ጌት ፊልድስ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ የማደርሳቸው ደንበኞች ነበሩኝ፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች። ሲሄዱ ወሬያቸው አያልቅም፤ ሲመለሱ ትንፍሽ አይሉም። ጉርሻዬ ስንት እንደሚሆን በሩን ሲዘጉት ከሚሰማው ድምፅ አውቀው ነበር።

ክሌሚንግ የሚሉትን ነገር ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። በዚህ ዓይነቱ ውድድር የሚሰለፍ ፈረስ ሁሉ ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጦ ነው የሚገባው። ፈቃድ ያለው ገዢ ሩጫው ሳይጀመር ወረቀቱን ሞልቶ ሳጥን ውስጥ ይከታል። እነሱ ባስተማሩኝ ደንብ፣ የመነሻው በር ተከፍቶ ፈረሶቹ ከወጡ ያሸንፍም ይሰበርም ፈረሱ ያኔ የገዢው ነበር። የዕለቱ ሽልማት ግን ለአሮጌው ባለቤት ይሄዳል። ገዢዎቹ ሁለትና ሦስት ከሆኑ ዕጣ ይጣላል። ጎበዝ ፈረሱን ከደካሞች ጋር አሰልፎ ሽልማት ልልቀም የሚል ብልጥ፣ በዚያች ርካሽ ዋጋ ፈረሱን ተነጥቆ ይመለሳል። ብዙ ደላላ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዳኛ ግን አላየሁም።

ላቭ ዘ ቼዝ የዚህ የርካሽ ውድድር ሰፈር ባዝራ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2006 ተወለደች፤ ዓመት ሲሆናት በ30,000 ዶላር ተሸጠች። እንደ ዕቁብ ብዙ ሰው ተዋጥቶ በያዛት ማኅበር ስም ስድስት ጊዜ ሮጠች፤ ያሸነፈችው አንዴ ብቻ፣ እሱም እዚሁ ጎልደን ጌት ላይ። ማኅበሩ ሲፈርስ ከአባላቱ መካከል ስቲቭ ኮበርንና ፔሪ ማርቲን በ8,000 ዶላር ገዟት። ይቺን የሚገዛ አህያ ብቻ ነው ሲባል ሰሙ። ስድቡ በእነሱም ቋንቋ በእኛም ያው ነው። ሰዎቹ ግን አልተቀየሙም፤ አህያዋን ከነጥርሷ በጋላቢው ልብስ ላይ አሳሏት።

እኔን የያዘኝ የትውልዷ ወረቀት ነው። የአባቷ የኖት ፎር ላቭ እናትና የእናቷ የቼዝ ኢት ዳውን አባት የአንዲት ባዝራ ልጆች ናቸው። ያቺ ባዝራ ናምበርድ አካውንት ትባላለች፤ በ1971 የአሜሪካ የሁለት ዓመት እንስቶች ሻምፒዮን ነበረች። እናቴ ይህን ብትሰማ ታማትባለች። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ማን ይጋባል? እነዚህ በሦስተኛው ቤት አጋጠሟቸው፤ ያውም ሆን ብለው፣ የቅድመ አያትየዋን ደም ከሁለት ወገን እጥፍ ለማድረግ። የናምበርድ አካውንት እናት ደግሞ ስዋፕስ የሚባል ድንጉላ ልጅ ናት። በእናት በእናቱ ሽቅብ ሲቆጠር ላ ትሮየን ላይ ይደረሳል፤ ፈረንሳይ አገር ሰባት ጊዜ ሮጣ አንዴም ያላሸነፈች፣ በ1930 በ1,250 ጊኒ ተሸጣ ኬንታኪ የገባች ባዝራ። አሜሪካ ውስጥ ስንቱ ሻምፒዮን ከእሷ ዘር ወጥቷል! ኮበርንና ማርቲን 8,000 ዶላር ሲከፍሉ ሻጩ የተመነው ስድስቱን ሩጫ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ያን ሁሉ አያት የተመነ አልነበረም።

ላኪ ፑልፒት ከሚባል ድንጉላ ጋር አጠቋት፤ የማስጠቂያው ዋጋ ከ2,500 ዶላር አይበልጥም ነበር። የካቲት ወር 2011 ላይ ኮሊንጋ ከተማ አጠገብ ካለው ሀሪስ እርሻ ወለደች፤ በወሊዱ ማሕፀኗ ተጎዳ። ከወር በላይ ከውርንጭላዋ ጋር ጋጣ ውስጥ ተዘግቶባት ታከመች። መድኃኒት የሚሰጠውም፣ የሚያጸዳውም፣ የሚያበላውም ሰው በየቀኑ ሲገባ ሲወጣ ውርንጭላው ሰው ለመደ። ከዓመታት በኋላ ያ ፈረስ ካሜራ ሲያይ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚቆመው ከዚያ ጋጣ ይዞት በወጣው ልማድ ነው ይላሉ።

ስሙን ቡና ቤት ውስጥ አወጡለት፤ አራት ስም ባርኔጣ ውስጥ ከተው አስተናጋጇን ዕጣ አስወጧት። ካሊፎርኒያ ክሮም ወጣ። እኛ አገር ሰው ነው በፈረሱ ስም የሚጠራው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። የታጠቅን እናት ግን ማን ስሟን ያውቃል?

የካሊፎርኒያ ክሮም አሰልጣኝ አርት ሸርማን የ77 ዓመት ሽማግሌ ነበር። በ1955፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ስዋፕስን ከካሊፎርኒያ ይዞ በባቡር ወደ ኬንታኪ ደርቢ የሄደው እሱ ነው፤ ጭድ ላይ ከፈረሱ ጎን እየተኛ። ስዋፕስ ያን ዓመት አሸነፈ። ሸርማን በ2014 ከካሊፎርኒያ ክሮም ጋር ሲመለስ ስዋፕስ መቃብር ላይ ቆሞ ጸለየ። ይዞት የመጣው ፈረስ የዚያው የስዋፕስ ዘር ነበር። ከደርቢው በፊት ለ51 በመቶ ድርሻው 6 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦላቸው ባለቤቶቹ እምቢ ብለዋል። ደርቢውንም ፕሪክነስንም ወሰደ፤ ሦስተኛው ውድድር ቤልሞንት ላይ ግን መነሻው ላይ ተረከዙን ተረግጦ አራተኛ ወጣ። የእኔም 20 ዶላር አብሮ ሄደ።

በ2016 የዱባይ ወርልድ ካፕን ሲያሸንፍ ኮርቻው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነበር። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ደውላ «ያንተ ፈረስ ኮርቻው ሊወድቅ ነበር አሉ» አለችኝ። የእኔ ፈረስ! ሲጠቃለል ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

ጎልደን ጌት ፊልድስ በ1941 ተከፍቶ በ2024 በጁን ወር ተዘጋ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መኪናዬ ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ ሁሉ ላቭ ዘ ቼዝ ያሸነፈች ዕለት እዚያ ነበርኩ፣ በእሷም አስይዤ ነበር ይለኝ ነበር። ሁሉም እውነታቸውን ቢሆን ኖሮ ሜዳው ባልተዘጋ። አንዱ ብቻ፣ ከኋላ ወንበር ጋዜጣውን ሳያነሳ፣ «እዚያ ነበርኩ» አለኝ። «አላስታውሳትም።»