ሰላምም ይጠናል፦ ከሽማግሌዎቻችን እስከ ሰላም ተመራማሪዎች

ልጆች ሆነን ቤታችን እንግዳ ሲበዛ፣ እናታችንም ቡናውን ደጋግማ ስታፈላ፣ የሆነ ነገር እንዳለ ይገባን ነበር። ነጭ ለብሰው ሳሎን የሚቀመጡት አባቶች የመጡት ሰው ሊያስታርቁ ነው። እኛን «ውጡ፣ ደጅ ተጫወቱ» ይሉናል። ማታ ላይ «ተመስገን፣ ታረቁ» ሲባል እንሰማለን። እንዴት እንደታረቁ ግን የሚነግረን አልነበረም።

ካደግሁ በኋላ ይህ ነገር በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት መሆኑን ሳውቅ ገረመኝ። የራሱ መጽሔት፣ የራሱ ፕሮፌሰሮች፣ የራሱ ማኅበር አለው። የዚያን ማኅበር ታሪክ ባጭሩ ላውጋችሁ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከሸዋ በኋላ ዓለም ያረፈች መስሏት ነበር። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት የኑክሌር ቦምብ ታጥቀው ተፋጠጡ። በ1962 በኩባ ሚሳይሎች ምክንያት ለጥቂት ነው የተረፍነው። በዚያ ጊዜ አንዳንድ ምሁራን አንድ ጥያቄ ያዙ፦ በሽታን የሚያጠና ሐኪም አለ፣ ጦርነትን የሚያስተምር የጦር አካዳሚ ሞልቷል፤ ሰላምን የሚያጠናው ማን ነው?

በነሐሴ 1963 በስዊዘርላንድ ክላረንስ በምትባል ቦታ ተሰብስበው መከሩ። በታኅሣሥ 1964 ደግሞ ለንደን ላይ፣ ቀድሞ ዲፕሎማት በነበረው በአውስትራሊያዊው ጆን በርተን መሪነት፣ ማኅበር ለመመሥረት ወሰኑ። የዓለም አቀፍ የሰላም ጥናት ማኅበር የመጀመሪያ ጉባኤውን በሐምሌ 1965 በሆላንድ ግሮኒንገን ከተማ አደረገ። የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ በርት ሮሊንግ የጃፓን የጦር መሪዎችን በዳኘው የቶኪዮ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ ሰው ነው። በሥራ አስፈጻሚው ውስጥ ከእንግሊዝና ከኖርዌይ ጋር የፖላንድና የዩጎዝላቪያ ሰዎችም ነበሩበት። ቀዝቃዛው ጦርነት ዓለምን ለሁለት በከፈለበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

አንዲት ሴት ሳልጠቅስ አላልፍም። ኤሊስ ቦልዲንግ የአምስት ልጆች እናት ነበረች። ተመራማሪዎቹ በየአገሩ ተበታትነው ሳለ፣ እርስ በርስ የሚያገናኛቸውን ጋዜጣ የጀመረችው እሷ ናት። በኋላ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሆናለች።

ከመሥራቾቹ መካከል ስሙ ገንኖ የወጣው ኖርዌያዊው ዮሃን ጋልቱንግ ነው። ልጅ ሳለ ናዚዎች አባቱን አስረውበታል። በስተርጅናው ስለ አይሁድ በተናገረው ነገር ክፉኛ ተነቅፏል፤ ተገቢም ነው። አንድ ሐሳቡ ግን ለእኛ ይጠቅማል። ድብድብ ቆመ ማለት ሰላም ሆነ ማለት አይደለም ይላል። ማንም ሳይመታህ፣ አሠራሩ ራሱ ከትምህርት፣ ከሥራ፣ ከክብር ቢያስቀርህ፣ እሱም ጥቃት ነው። በ2015 እና በ2019 አደባባይ የወጡ ወጣቶቻችን ቃሉን ባያውቁትም ነገሩን ያውቁታል።

ይህ ጥናት ከእኛ ቀዬም ደርሷል። በ1969 የአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሊዮናርድ ዱብና ባልደረቦቹ ኢትዮጵያውያንን፣ ሶማሌዎችንና ኬንያውያንን በጣሊያን ተራሮች ላይ ፌርሜዳ በሚባል ሆቴል ሰበሰቡ። ስለ ድንበራቸው ጠብ ለሁለት ሳምንት ያህል ተወያዩ። አንድ የጋራ መፍትሔ ላይ ሳይደርሱ ተለያዩ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ኦጋዴን ላይ ተዋጉ። እንግዲህ ጥናት ብቻውን ጦርነት አያቆምም። ዱብ ግን ያልተሳካውንም ጭምር መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር ማለት ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2007 የሰላምና የደኅንነት ጥናት ተቋም ከፈተ። ከ2012 ጀምሮ የአፍሪካ መሪዎችና ምሁራን በባሕር ዳር፣ በጣና ዳር፣ ተቀምጠው እንዲመክሩ ያስተባበረው ይኸው ተቋም ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በ2020 ጦርነት ሲነሣ፣ ብዙዎቻችን እዚህ ሆነን ስልክ አልነሣ ብሎን ስንጨነቅ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

እዚህ እስራኤልም ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሰላም ጥናት ማዕከል አቋቁሞ ነበር። በራሳችን ከተማ የነታንያ አካዳሚክ ኮሌጅም የስትራቴጂ ውይይት ማዕከል አቋቁሟል። በአውቶቡስ የሚደረስበት ቦታ ነው፤ ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

አሁን ወደ ሳሎናችን ልመለስ። ሽማግሌዎቻችን የሠሩትን ብዙውን ነገር ፕሮፌሰሮቹም ደርሰውበታል፦ ሁለቱንም ወገን ለየብቻ መስማት፣ ማንንም ሰው ፊት አለማዋረድ፣ አለመቸኮል። ግን እውነቱን እንነጋገር። አንዳንዴ «ታረቁ» የተባለው አንዲት ሴት ዝም ስላለች ብቻ ነበር። «ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» ተብላ ወደምትመታበት ቤት የተመለሰች አለች። ያ እርቅ አይደለም፤ ጠቡ ከሰው ዓይን ተሰወረ እንጂ። አባቶቻችንን ማክበር ይህን ደብቆ ማለፍ አይደለም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቹን «ውጡ» አትበሉን፤ ጥግ ይዘን እንስማ። ወጣቶችም፣ ሽማግሌውን «የድሮ ሰው» ብላችሁ አትለፏቸው። ደብተር ይዛችሁ ወይም ስልካችሁን ከፍታችሁ፣ አስፈቅዳችሁ ጠይቁ፦ አባባ፣ የማን ወገን ቀድሞ ይናገራል? እምቢ ያለውን እንዴት ያለዝቡታል? ያልተሳካላችሁስ የቱ ነው? የበዳይና የተበዳዩን ስም ተዉት፤ ዘዴውን ጻፉ።

ግሮኒንገን ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ዓለምን አላስታረቁም። የሞከሩትን ግን ጽፈው አቆይተውልናል። የእኛ ሽማግሌዎች ስንቱን አስታርቀው፣ አንድ ገጽ ሳይጻፍላቸው እየሄዱብን ነው።