ባልቲሞር ያተረፈችው ጫማ

ናይኪ «ኤር ፎርስ ዋን» የተባለውን የቅርጫት ኳስ ጫማ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር። በ1984 ምርቱን አቆመ። የዚያን ዘመን የስፖርት ጫማ ወግ ይኸው ነው፤ አዲሱ ሲመጣ ነባሩ ይሰናበታል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ባልቲሞር ግን ጠየቀች። «ዳውንታውን ሎከር ሩም»፣ «ቻርሊ ሩዶ ስፖርትስ» እና «ሲንደሬላ ሹስ» የተባሉት የከተማዋ ሦስት መደብሮች፣ ደንበኛው ይህንኑ ጫማ ፍለጋ ሲመላለስ ስላዩ በአዳዲስ ቀለም እንዲሠራላቸው ኩባንያውን ወተወቱ። ናይኪ ቢያመነታም፣ ብዙ ጥንድ አስቀድመው ካዘዙ እሺ አለ። አዘዙ። ጫማው መጣ፤ ወዲያው ተቸበቸበ። በየወሩ አዲስ ቀለም ማውጣት ተለመደ፤ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ ሳይቀር ለጫማ ብሎ ባልቲሞር የሚወርድ ሰው በረከተ። ዛሬ የድሮ ሞዴል እያስመለሱ የሚነግዱ ኩባንያዎች ሁሉ የእነዚህ ሦስት ሱቆች ውለታ አለባቸው።

ሰው ምኑን ወዶለት ነው? መልኩን የሚያነሱ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ምቾቱን አስቀድማለሁ፤ ምቾቱም ከሜዳ የመጣ ነው። ንድፍ አውጪው ብሩስ ኪልጎር የተራራ መውጫ ቦት ጫማ ተመልክቶ፣ እግር እንደ ልብ እንዲታጠፍ የጫማውን አንገት ከኋላ ዝቅ አደረገው። ተረከዙ ሥር የታመቀ አየር የያዘ ከረጢት ተቀበረ፤ የዚህ ብልሃት ባለቤት የበረራና የጠፈር መሐንዲስ የነበረው ፍራንክ ሩዲ ነው። ናይኪ ለቅርጫት ኳስ ሲጠቀምበት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሶሉን ገልብጦ ያየ ሰው አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሳሉ ክቦች ያገኛል፤ ተጫዋች ባለበት ሲሽከረከር እግሩ እንዳይያዝ የተደረጉ ናቸው። በ1983 የቅርጫት ኳስ ቡድኑን ፊላደልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስን ለሻምፒዮንነት ያበቃው ሞሰስ ማሎን ቁመቱ ከሁለት ሜትር፣ ክብደቱም ከመቶ ኪሎ በላይ ነበር። ዘልሎ የሚያርፈው በዚህ ጫማ ነበር።

ያን የመሰለ ግዙፍ ሰው እንዲችል የተሠራ ጫማ ለተራ መንገደኛ ሲሆን ጠባዩ ልዩ ነው። ሲጫሙት መጀመሪያ የሚሰማው ልስላሴ አይደለም፤ ክብደት ነው። ቆዳው ደረቅ ስለሆነ ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ እስኪላላ ድረስ ይቆነጥጣል። ከለመደ በኋላ ግን ተረከዝን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ሰፊው ሶል ኮብልስቶን ላይ እንኳ አያወላግድም። ፊቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም እግር እንዳይታፈን ያግዛሉ። እንደ ዘመኑ የሩጫ ጫማ አረፋ መሰል ልስላሴ የሚፈልግ ሰው አይረካበትም፣ ፍርዱም ትክክል ነው።

በአዲስ አበባም ወጣቱ ነጩን «ኤርፎርስ» እያለ ይጫማዋል። ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ሁለት እርምጃ ተራምዳችሁ አትፍረዱበት፤ ቆዳው እስኪላላ ታገሡት። ለሩጫ ግን አትግዙት፣ ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ የድሮ ጫማ አላውቅም።