ደስታ የሚባለው መቅሰፍትና የአርሲ ከብት

የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ «ክፉ ቀን»ን ሳስተምር ሁሌ የምጠይቃት ጥያቄ ነበረችኝ። «ረሃቡ ከምን መጣ?» ስል ግማሹ ክፍል «ዝናብ ጠፍቶ!» ይላል። ዝናቡም ጠፍቷል፣ አንበጣውም ነበር። የነገሩ ሥር ግን ያለው በሬው ላይ ነው።

በ1887 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር አንድ በሽታ ገባ። ከብቱ ያተኩሰዋል፣ አፉ ይቆስላል፣ ዓይንና አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሳምንት ቢቆይ ነው። ሕዝባችን «ደስታ» አለው። ክፉን በስሙ መጥራት የማይወድ ሰው ያወጣው ስም ይመስለኛል። ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠናው አለቀ ይባላል። በሬ የለም፣ እርሻ የለም። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሰው አሳዩ የሚባለው ያኔ ነው።

አርሲ ላይ ግን ነገሩ ከዚህም ይከፋል። የዚያ ዘመን አርሲ ከብት አርቢ ነው። ምግቡ ወተት፣ ጥሎሹ ከብት፣ የደም ካሳው ከብት። ከራስ ዳርጌ ጦር ጋር ለዓመታት ተዋግቶ በ1886 አዙሌ ላይ ተሸንፏል። ቁስሉ ሳይደርቅ ደግሞ መንጋው አለቀ። መጽሐፎቻችን ዘመቻውን በአንድ ምዕራፍ፣ ክፉ ቀንን በሌላ ምዕራፍ ያስቀምጡታል። ጭላሎ ግርጌ ለነበረው ሰው ግን አንድ መከራ ነው፤ ለይቶ ማስተማር ትክክል አይመስለኝም።

በሽታው ከዚያም በኋላ ከአህጉሩ አልወጣም። ከብት ድንበር አያውቅም፤ አንድ አገር ብቻውን ቢከትብ ከጎረቤት ተመልሶ ይመጣል። በ1962 የአፍሪካ አገሮች በጋራ ከብት መከተብ ጀመሩ። ከምዕራብ አፍሪካ ተነስቶ በ1970ዎቹ እኛ ጋ ደረሰ። አሰላ ያኔ የካዱ ዘመን ላይ ነበረች፤ ስዊድኖቹ ከ1967 ጀምሮ የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ኮርማ ጋር ያዳቅላሉ። (የካዱን ወተት የጠጣ እዚህ ገጽ ላይ አይጠፋም!)

ዘመቻው በሽታውን ከሞላ ጎደል አጠፋው። «ከሞላ ጎደል» ናት ጉዷ። አለቀ ተባለ፣ ገንዘቡ ቆመ፣ ክትባቱ ላላ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሽታው አፍሪካን እንደገና አዳረሰ። በ1986 በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሥር፣ በአውሮፓውያን ገንዘብ፣ ሁለተኛው ዘመቻ ተጀመረ። በዚህኛው የክትባቱ ጥራት ራሱ ይመረመር ጀመር። የሞተ ክትባት ሺህ ጊዜ ቢወጉት ምን ይጠቅማል? ያ የአፍሪካ ክትባት መመርመሪያ ማዕከል ዛሬም ያለው ደብረ ዘይት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኛ የእንስሳት ሐኪሞች ያነሱት ጥያቄ ነው። የደጋውን ከብት በየዓመቱ ከመውጋት ይልቅ «በሽታው የሚያድረው የት ነው?» አሉ። ወደ ደጋ የሚወጣው ከቆላ፣ ከአርብቶ አደሩ መንጋ ነበር፤ አንዱ ዋነኛ ማደሪያው አፋር። አፋር ላይ ደግሞ ክትባቱ በረዶ ይፈልጋል፣ በረዶ የለም። ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠራ። ከጎሳው የተመረጡ አርብቶ አደሮች ሰልጥነው፣ ክትባቱን ይዘው፣ መንጋውን ተከትለው በእግራቸው ሄዱ። በ1994 እነሱ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ከብት ከተቡ። የመጨረሻው ወረርሽኝ በ1995 ታየ።

ከዚያ ነው የሚያስፈራው ውሳኔ የመጣው፦ መከተብ ማቆም። የተከተበ ከብት ደሙ ላይ የሚታየው ምልክት ከታመመው ስለማይለይ፣ ክትባት ካልቆመ በሽታው መጥፋቱን ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ አቁሞ፣ ለዓመታት ደም እየቀዱ መጠበቅ ነው። ያቺ አገር ክፉ ቀንን ያየች አገር መሆኗን አትርሱ! ኢትዮጵያ በ2008 ነጻ ተባለች። በ2011 ዓለም በሙሉ ነጻ መሆኑን የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት አወጀ። በሰው ልጅ ከምድር የጠፋ በሽታ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ይኸው ነው።

ደብረ ዘይት ግን አሁንም ለአፍሪካ የመጠባበቂያ ክትባት ይቀመጣል። በጎቻችንና ፍየሎቻችን ላይ ደግሞ «ደስታ መሰል» የሚባለው ዘመዱ አለ፤ እሱን በ2030 ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል።

አሰላ፣ በቆጂ፣ ሮቤ፣ ኢተያ ያላችሁ፣ ሽማግሌዎቻችሁ ስለ ከብቱ እልቂት የነገሯችሁ ካለ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በኦሮምኛም ቢሆን። ከማን እንደሰማችሁትም ጨምሩበት።