አፍ ቢሸፈንም ጣት ይማራል

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገራችንን ያጠቃው ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ በሕዝብ ትዝታ ቀርቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2013 ሲከፈቱም ሕፃናት አፋቸውን ሸፍነው ተቀመጡ፤ የኅብረት ዝማሬም አስጊ ሆነ።

ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም። በመጋቢት 2012 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ለመዝሙር ልምምድ ከተሰበሰቡ 61 ሰዎች 53ቱ ታመዋል።

ይሁን እንጂ ሙዚቃ የጉሮሮ ብቻ አይደለም። ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው ጎዳና ላይ ናት፤ ባቲና አምባሰል ደግሞ የወሎ ሥፍራዎች ብቻ ሳይሆኑ የቅኝት ስሞችም ናቸው። መምህሩ ክራሩን በባቲ ቢቃኝ፣ ሕፃኑ እጁን ታጥቦ፣ አፉን ሸፍኖ አምስቱን ድምፆች በጣቱ ይለያል፤ ምቱንም በጭብጨባ ይይዛል።

ቅኝት ከጆሮ ወደ ጆሮ የሚወረስ ቅርስ ነውና፣ አንድ ትውልድ ሳይሰማው ካለፈ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ስለዚህ በወረርሽኝ ዘመን ዝማሬው ይቆይ፤ ክራሩ ግን ዝም አይበል።