የዲጂታል ምርምር ጽሑፎች ተደራሽነት

የዲጂታል ምርምር ጽሑፎች ተደራሽነት ማለት በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚነበቡ የጥናት መጽሔቶች፣ መጻሕፍትና የመመረቂያ ጽሑፎች አካል ጉዳተኛ አንባቢዎች ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ሊያነቧቸው በሚችሉበት መልክ መዘጋጀታቸው ነው። ጉዳዩ በይበልጥ ዓይነ ስውራንንና የማየት ችግር ያለባቸውን ሰዎች ይመለከታል። መስማት የተሳናቸውን፣ በእጅ ጉዳት ምክንያት ማውዝ መጠቀም የማይችሉትንና ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ያለባቸውንም ይጨምራል። አንድ ጽሑፍ ዲጂታል መሆኑ ብቻውን ተደራሽ አያደርገውም፤ ወሳኙ ፋይሉ የተዘጋጀበት መንገድ ነው።

ስክሪን ሪደር እንዴት ያነባል

ዓይነ ስውር አንባቢ ብዙውን ጊዜ ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም ይጠቀማል። ፕሮግራሙ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ወይም ከኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ የብሬል መሣሪያ ላይ በጣት የሚዳሰሱ ነጥቦች አድርጎ ያቀርበዋል። ከታወቁት መካከል ጃውስና በነጻ የሚገኘው ኤንቪዲኤ ይጠቀሳሉ።

ስክሪን ሪደር በዋናነት የሚመራው በገጹ መልክ ሳይሆን በፋይሉ ውስጥ በተቀመጠው ኮድ ነው። ርዕሶች «ርዕስ» ተብለው በኮድ ምልክት ከተደረገባቸው፣ አንባቢው አንድ ቁልፍ እየተጫነ ከርዕስ ወደ ርዕስ መዝለል ይችላል። በሠንጠረዥ ውስጥም እያንዳንዱ ቁጥር የየትኛው ዓምድ እንደሆነ ይነገረዋል። ፊደሉ ስለጎላ ብቻ ርዕስ የሚመስል ጽሑፍ ግን ከተራ ዓረፍተ ነገር አይለይም። በዚህ ጊዜ በ40 ገጽ ጥናት ውስጥ አንድ ክፍል የሚፈልግ ተማሪ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለማዳመጥ ይገደዳል።

ዋና ዋና እንቅፋቶች

ስካን የተደረጉ ገጾች፦ ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ፊደል ለይቶ በሚያወጣ ፕሮግራም ካልተሠራ በስተቀር ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ነገር አያገኝም።

የንባብ ቅደም ተከተል፦ ፒዲኤፍ በመጀመሪያ የታሰበው የታተመን ገጽ መልክ ጠብቆ ለማስተላለፍ ነው። የመዋቅር ምልክት በሌለው ባለሁለት ዓምድ ፒዲኤፍ፣ ስክሪን ሪደሩ የአንዱን ዓምድ መስመር ከሌላው ጋር ሊቀላቅል ወይም የግርጌ ማስታወሻን በዓረፍተ ነገር መካከል ሊያስገባ ይችላል።

ቀመሮች፦ ከ10 በላይ በትንሹ የተጻፈ 6 «10 ሲባዛ በራሱ 6 ጊዜ» ማለት ነው፤ ውጤቱም አንድ ሚሊዮን ነው። ምልክቱ ከጠፋ ግን «106» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። አድማጩ ስህተቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለ፣ የተሳሳተው ቁጥር ትክክለኛ መስሎ ያልፋል።

ሥዕሎችና ግራፎች፦ ለእያንዳንዱ ሥዕል አማራጭ ጽሑፍ ያስፈልጋል። «ግራፍ 2» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ግራፉ የሚያሳየው ለውጥ በቃል መገለጽ አለበት። መስመሮችን በቀይና በአረንጓዴ ቀለም ብቻ የሚለይ ግራፍ እነዚህን ቀለሞች መለየት የማይችሉትን ያገላል።

ቪዲዮና ድምፅ፦ ከጥናት ጋር የሚያያዝ ቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ ከሌለው መስማት ለተሳነው አንባቢ ይዘቱ ይቀርበታል።

የአማርኛ ጽሑፎች ተጨማሪ ችግር

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቁጥሮች ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የወጡ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይስሉ ነበር። በዚህ ዓይነት ፎንት የተዘጋጀ ጽሑፍ ለዓይን ትክክለኛ አማርኛ ይመስላል፤ ስክሪን ሪደር ግን ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶችን ያነባል። በፋይሉ ውስጥ ቃል መፈለግም አይቻልም። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ የንባብ ድምፅ አማርኛን የሚያነብ ቢሆንም፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ ካልተጻፈ አይረዳም። ስለዚህ የቆዩ የአማርኛ ጥናቶችን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ የተደራሽነት የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

የአርካይቭ ምሳሌ

አርካይቭ እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተ፣ በፊዚክስ፣ በሒሳብና በኮምፒውተር ሳይንስ የሚታወቅ የጥናት ጽሑፎች ማከማቻ ነው። ለረጅም ዓመታት አንባቢዎች ጽሑፎቹን በዋናነት የሚያገኙት በፒዲኤፍ ነበር። አብዛኞቹ ደራሲዎች ግን የሚጽፉት ላቴክ በሚባል ሥርዓት ሲሆን፣ በእሱ ውስጥ ርዕሱ፣ ቀመሩና ሠንጠረዡ ተለይተው ምልክት ይደረግባቸዋል። ይህ መረጃ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ ይጠፋ ነበር።

ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርካይቭ በላቴክ የሚላኩ አዳዲስ ጽሑፎችን ከፒዲኤፉ ጎን በኤችቲኤምኤልም ማቅረብ ጀመረ። በዚህ መልክ ቀመሮች በማትኤምኤል ስለሚቀመጡ ስክሪን ሪደር መዋቅራቸውን ተከትሎ ሊያነባቸው ይችላል። ይሁንና ሁሉም ጽሑፍ ያለ ስህተት አይለወጥም፤ ለሥዕሎችም መግለጫ መጻፍ የደራሲው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

መመዘኛዎች

በሰፊው የሚሠራበት መመዘኛ ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም ያወጣው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ነው። የመጀመሪያው እትም በ1999፣ እትም 2.2 ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። መመሪያው ይዘት በስሜት ሕዋስ የሚደረስበት፣ በቁልፍ ሰሌዳም ጭምር የሚሠራ፣ የሚገባና በተለያዩ መሣሪያዎች የሚነበብ እንዲሆን ይጠይቃል። በመካከለኛው ደረጃ የተራ ጽሑፍና የጀርባው ቀለም ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት። ለፒዲኤፍ ፋይሎች በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የተለየ ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ።

ሕጎችና ስምምነቶች

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀ ሲሆን ኢትዮጵያ በ2010 ተቀብላዋለች። በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የማራኬሽ ስምምነት ደግሞ የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ተደራሽ ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅና ከአገር ወደ አገር እንዲላክ ይፈቅዳል። ስምምነቱ በ2016 ሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያም በ2020 አባል ሆናለች። በአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሸማቾች የሚሸጡ ኢ-መጻሕፍት ተደራሽ እንዲሆኑ ሕግ ያዛል።

የማራኬሽ ስምምነት ቅጂ ለማዘጋጀት ቢፈቅድም ሥራውን አይሠራም። እያንዳንዱን መጽሐፍ እንደገና መጻፍ፣ ሥዕሎቹን መግለጽና ማረም ጊዜ ይወስዳል፤ ተማሪው ቅጂውን የሚያገኘው ትምህርቱ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ደራሲውና አሳታሚው ፋይሉን ከመጀመሪያው በትክክል ካዘጋጁት ግን ዓይነ ስውሩ ተማሪ ጽሑፉን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቀን ያገኘዋል።